የማይነሳ የጀልባ ሞተር

ከጀልባ ኋላ የሚገጠም የቤንዚን ሞተር አልነሳ ሲል ብዙ ሰው ካንዴላ ለመፍታት ይቸኩላል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፦ የአደጋ ማጥፊያው ገመድ ከቦታው ወጥቷል፣ ወይም ማርሹ ኒውትራል ላይ አይደለም።

ቀጥሎ የሚታየው ነዳጁ ነው። የታንከሩ ክዳን ላይ ያለው መተንፈሻ ከተዘጋ ቤንዚን አይሳብም። መስመሩ ላይ ያለው የጎማ ፓምፕ ሲጨመቅ ጠንከር ማለት አለበት፤ ልፍስፍስ ብሎ ከቀረ መስመሩ አየር ያስገባል ወይም ታንከሩ ባዶ ነው። ለወራት የቆመ ቤንዚን ደግሞ ካርቡሬተሩ ውስጥ ሙጫ መሰል ዝቃጭ ይተዋል።

ካንዴላ የሚፈታው ከዚህ በኋላ ነው። ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰውም። በቤንዚን ከራሰ ሞተሩ ታፍኗል፤ ካንዴላው ይደርቃል፣ ሲሊንደሩ ይናፈሳል፣ ከዚያ ያለ ቾክ ይሞከራል። ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ ወይም ዘይቱ በዝቷል። ጣና ሐይቅ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚያ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላም ቶሎ ይጠቁራል።

ነዳጁም የካንዴላው እሳትም ደህና ሆነው የማስነሻው ገመድ ከወትሮው ቀለል ካለ፣ ሞተሩ መጭመቅ አቅቶታል፤ ይህ የጋራዥ ሥራ ነው።