የማኅበራዊ ኑሮ ሁኔታና የአመጋገብ ሥርዓት መዛባት በአፍላ ወጣቶች

የአመጋገብ ሥርዓት መዛባት የሀብታም ቤተሰብ ልጃገረዶች ሕመም ነው የሚለው አስተሳሰብ በሕክምናው ዓለም ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ቆይቷል። አስተሳሰቡ በአብዛኛው የመነጨው በምዕራባውያን አገሮች ወደ ልዩ ሕክምና መስጫዎች ይመጡ ከነበሩ ሕሙማን ነው። ሆኖም መክፈል የሚችልና ሁኔታውን እንደ ሕመም የሚቆጥር ቤተሰብ ልጁን ወደ ሐኪም ሲያመጣ፣ ሌላው ስለማያመጣ ክሊኒኩ የኅብረተሰቡን ትክክለኛ ገጽታ አያሳይም። በኋላ በኅብረተሰብ ውስጥ የተካሄዱ ጥናቶች ችግሩ በሁሉም የኑሮ ደረጃ እንደሚገኝ አመልክተዋል። ማኅበራዊ ሁኔታ ሕመሙን የሚነካው ቢያንስ በሦስት መንገዶች ነው።

የመጀመሪያው ስለ ሰውነት ቅርጽ ያለው አመለካከት ነው። በፊጂ ደሴቶች ሞላ ያለ ሰውነት የመልካም እንክብካቤ ምልክት ነበር። በናድሮጋ አካባቢ ቴሌቪዥን በገባበት በ1995 እ.ኤ.አ. እና ከሦስት ዓመት በኋላ አን ቤከርና ባልደረቦቻቸው ሁለት የተለያዩ የተማሪ ልጃገረዶች ቡድኖችን ጠይቀው ነበር። በመጠይቁ ከፍተኛ ነጥብ ያስመዘገቡት ከ12.7 በመቶ ወደ 29.2 በመቶ ከፍ ሲሉ፣ ክብደት ለመቀነስ ብለው የሚያስመልሱት ደግሞ ከዜሮ ወደ 11.3 በመቶ ደርሰዋል። የተጠያቂዎቹ ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ ቴሌቪዥን ብቸኛው ምክንያት ነው ማለት ባይቻልም፣ ባህል ብቻውን ዘላቂ መከላከያ እንደማይሆን ግን ያስገነዝባል።

ሁለተኛው የምግብ እጥረት ነው። በ1944 እና 1945 እ.ኤ.አ. በሚኒሶታ በተካሄደው የረሃብ ሙከራ 36 ጤነኛ ወንዶች ለስድስት ወራት ምግባቸው ተቀንሶ ነበር። ምግብ እንደገና ሲሰጣቸው አንዳንዶቹ ራሳቸውን መቆጣጠር እስኪሳናቸው ድረስ ይበሉ ነበር። ስለሆነም ምግብ አንድ ጊዜ በሚገኝበት፣ ሌላ ጊዜ በሚታጣበት ቤት ያደገ ወጣት ምግብ ባገኘ ጊዜ ያለ ልክ ቢበላ፣ ከዚያም በጸጸት ቢያስመልስ ሊያስደንቅ አይገባም።

ሦስተኛው ለጾምና ከምግብ ለመታቀብ የሚሰጠው ትርጉም ነው። በሰሜን ምሥራቅ ጋና በሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጃገረዶች ላይ ተካሂዶ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ሆን ብለው ምግብ በመቀነስ እጅግ የከሱ 10 ተማሪዎችን አግኝቷል። እነዚህ ልጃገረዶች መታቀባቸውን በሃይማኖታዊ ትርጉም ያዩት እንጂ ውፍረትን በመፍራት አልነበረም። ስለዚህ «ውፍረት ትፈሪያለሽ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ሕመሙን ላያወጣው ይችላል።

ይህ ለአገራችን የጤና ባለሙያ ትልቅ ትርጉም አለው። የከሳች ልጃገረድ ስትቀርብ ስለ ሳንባ ነቀርሳ፣ ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ስኳር በሽታና ስለ አንጀት ጥገኛ ትላትሎች መመርመር ተገቢ ነው። ስሕተቱ ምርመራው ከበሽታ ነፃ ሲያደርጋት «የኑሮ ችግር ነው» ብሎ መዝጋቱ ላይ ነው። ጾም በራሱ ሕመም አይደለም፤ ነገር ግን ጾሙ ሲፈታ ወደ ቀድሞ አመጋገቧ ተመልሳ እንደሆነ፣ ከሌሎች የቤተሰቡ አባላት በተለየ አጥብቃ ትጾም እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። በአንድ ገበታ አብሮ በሚበላ ቤተሰብ ውስጥ «በልቻለሁ» እያሉ ከማዕድ መሸሽ፣ ከምግብ በኋላ ለብቻ መሰወር፣ የወር አበባ መቋረጥ ጠቃሚ ምልክቶች ናቸው። ጥያቄው ወላጆች በሌሉበት፣ ያለ ወቀሳ ቢቀርብ ይመረጣል። ታማሚዋ ከፈቀደች የንስሐ አባቷን ወይም የሃይማኖት መምህሯን ማማከርም ይረዳል።

የልብ ምት በደቂቃ ከ50 በታች መሆን፣ ራስን መሳትና በማስመለስ ምክንያት የሚከሰት የፖታሲየም ማነስ አፋጣኝ የሆስፒታል ሕክምና ይሻሉ። እጅግ ለከሳች ታማሚ ምግብ በድንገት በብዛት መስጠት በደም ውስጥ ያለውን ፎስፌት አውርዶ ለሞት ሊያደርስ ስለሚችል በጥንቃቄ መጀመር አለበት። አኖሬክሲያ ነርቮሳ ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ ከፍተኛ የሞት መጠን ካላቸው አንዱ ነው። የድሃ ልጅ አይታመምበትም ብሎ ማሰብ ታማሚዋን ያለ ሕክምና ማስቀረት ይሆናል።