ፊደልን በጭቃ

ብዙ ሕፃናት ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በዜማ ይወርዱታል፤ አንዱን ፊደል ነጥለን ስናሳያቸው ግን ይደናገራሉ። ጆሮአቸው እንጂ ዓይናቸው አልተማረምና። ስለዚህ ወፈር ያለ ጭቃ አቡክተን እንሰጣቸዋለን።

ሕፃኑ ጭቃውን በመዳፉ አሽቶ እንደ ገመድ ያረዝምና «በ»ን ይሠራል። በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ቅጥያ ሲያክልበት «ቡ»፣ ቅጥያውን ወደ እግሩ ጫፍ ሲያወርደው «ቢ»፣ በቅጥያው ፈንታ ቀለበት ሲያደርግበት «ቤ» ይሆናል። በ«ለ»ና በ«ሰ»ም እንዲሁ ነው። እንደ «ረ»ና «ፈ» ያሉት ከዚህ ሥርዓት ስለሚወጡ ወደ ኋላ ይቆዩ። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት 231 መሆናቸው እንግዲህ አያስፈራውም፤ ሥርዓቱን በጣቱ አውቆታልና።

ጭቃ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ከሕፃናቱ ጋር የሚቀመጥ ሰው ነው። ከየአጥቢያችሁ ማንን ትልካላችሁ?