የጨሞጋ ውሃና የቢትኮይን ዋጋ

ጨሞጋ ከጮቄ ተራራ ፈልቆ፣ በደብረ ማርቆስ አጠገብ አልፎ፣ ዐባይ ውስጥ ገብቶ፣ ጉባ ላይ የታላቁን ግድብ ተርባይን እንደሚያሽከረክር የማያውቅ የጎጃም ተማሪ ባይኖርም፣ ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ መረብ ከሚቀዳው ኃይል ከፊሉ ቢትኮይን የሚባለውን፣ እጅ የማይዳስሰውን ገንዘብ ለሚያሰሉ መሣሪያዎች እንደሚሸጥ፣ በዚህም ምክንያት የሩቅ አገር ገበያ መውደቅና መነሣት እኛንም እንደሚነካን የሚያስተውል ጥቂት ነው።

ከግድቡ የመጀመሪያው ኃይል በየካቲት 2014 ዓ.ም. ሲመነጭ፣ ያ ዓመት ለቢትኮይን የውድቀት ዓመት ነበረ። በኅዳር መባቻ 69 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ገደማ ደርሶ የነበረው አንዱ ቢትኮይን፣ በግንቦት ቴራ የተባለው ዲጂታል ገንዘብ ሲፈርስ፣ ኋላም በኅዳር 2015 ኤፍ.ቲ.ኤክስ. የተባለው መገበያያ ኪሳራውን ሲያውጅ፣ ከ16 ሺህ ዶላር በታች ወረደ። ጋዜጦች ዋጋው ሲወጣ ትንሣኤውን፣ ሲወርድ ቀብሩን ከማወጅ አልቦዘኑም፤ የኖቤል ተሸላሚው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሮበርት ሺለር በ2019 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ እንዲህ ያለው ወሬ እንደ ወረርሽኝ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ገበያውን ራሱን ያናውጠዋል።

መሣሪያው ግን ወሬ አይሰማም። የጫማ ካርቶን የሚያክል፣ ማራገቢያው ቀንና ሌሊት የሚጮኽ፣ 3 ኪሎዋት የሚስብ ሣጥን ነው እንበል፤ በቀን 72 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በ2016 ይሸጥበት በነበረው ዋጋ፣ ኪሎዋት ሰዓቱ በ3.14 የአሜሪካ ሳንቲም ሲታሰብ የቀኑ ሒሳብ 2 ዶላር ከ26 ሳንቲም ሲሆን፣ በሌላ አገር እጥፉን የሚከፍለው ባለመሣሪያ 4 ዶላር ከ52 ሳንቲም ያወጣል። በቢትኮይን የሚከፈለው የመሣሪያው ገቢ ከዋጋው ጋር ወርዶ በቀን 4 ዶላር ላይ ቢቆም ያኛው ያጠፋል፣ ይኸኛው ይቀጥላል። የሚደንቀው ደግሞ፣ የቢትኮይን ሥርዓት በየ2,016 ብሎክ (የግብይት መዝገቡ ገጽ)፣ ይኸውም በየሁለት ሳምንቱ ገደማ፣ የስሌቱን ክብደት እንደገና ይመዝናልና ብዙ መሣሪያ በጠፋ ጊዜ ለቀሩት ያቀልላቸዋል። ቻይና ባለመሣሪያዎቿን ባባረረች ጊዜ፣ ሰኔ 26 ቀን 2013 ስሌቱ በ28 በመቶ ገደማ ቀለለ፤ ከተባረሩትም አንዳንዶቹ ርካሽ መብራት ሲፈልጉ ቆይተው ወደ ኢትዮጵያ መጡ።

ብሔራዊ ባንክ በ2014 እንደ ቢትኮይን ባለው ዲጂታል ገንዘብ (ክሪፕቶ) መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋልና፣ ለአገሪቱ የሚደርሳት ከኃይል ሽያጩ የሚገኘው የውጭ ምንዛሪ ነው። አደጋውም፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ የመሣሪያው ገቢ የመብራቱን ሒሳብ እንኳ መሸፈን ሲያቅተው ነው፤ ባለቤቱ ሣጥኑን ጭኖ ይሄዳል፣ ለእርሱ የተዘረጋው መስመርና የቆመው ማከፋፈያ ጣቢያ ግን እኛው ዘንድ ይቀራል።

የዜና ሰዎች የሚያዩት የዋጋውን ሰንጠረዥ ብቻ ስለሆነ ይህን አደጋ አያስተውሉትም። በሚያዝያ 2016 ለአንድ ብሎክ የሚከፈለው ከ6.25 ወደ 3.125 ቢትኮይን ሲቀነስ፣ ለባለመሣሪያው ዋጋው በአንድ ሌሊት በግማሽ ከመውደቁ ጋር አንድ ነበረ፤ ብዙዎቹ ግን ብሥራት አድርገው አወሩት።