ከኪሳራ በኋላ በራስ ስም ሒሳብ መክፈት፦ የኢፍላስ ሕግጋትና የአንድ ጤፍ ነጋዴ ጥያቄ

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነው በደብረ ማርቆስ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ የቀረበልኝ አንድ ጥያቄ ነው። ጠያቂው ከጎዛምንና ከአጎራባች ወረዳዎች ጤፍ እየሰበሰበ ወደ አዲስ አበባ ይጭን የነበረ ነጋዴ ነው። በብድር የገዛው እህል በመንገድ መዘጋት ምክንያት በጊዜው ሳይሸጥ ቀረ። ለባንክ መያዣ ያደረገው ቤት ተሸጠ፤ ዕዳው ግን አላለቀም። ከባንኩ ሌላ በቃል የሚጠይቁት ገበሬዎችና ሁለት የመጋዘን ነጋዴዎች አሉ። «ሸይኽ፣ አሁን በደላላነት የማገኛትን ጥቂት ገንዘብ የማስቀምጠው በወንድሜ ስም ባለው ሒሳብ ነው። የከሰረ ሰው በስሙ የባንክ ሒሳብ መክፈት ይፈቀድለታልን? ሰዎቹስ ገንዘብ ደብቆ ከሰርሁ አለን አይሉኝምን?» አለኝ።

በጥያቄው ውስጥ ሁለት ነገሮች ተደባልቀዋል፤ አንደኛው ፈቃድ ነው፤ ሁለተኛው ኀፍረት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመጀመሪያውን ከሁለተኛው መለየት ነው። የምንደርስበትንም ከወዲሁ ለመግለጽ ያህል፦ ኪሳራ የሰውን ገንዘብ ይይዛል እንጂ ሰውየውን ከመብትና ከግዴታ ባለቤትነት አያወጣውም። ስለዚህ በራስ ስም ሒሳብ መክፈት የተፈቀደ ነው፤ በሌላ ሰው ስም ከመሸሸግ ጋር ሲነጻጸርም ለአማና የቀረበው መንገድ እርሱ ነው።

ኢፍላስ ምንድን ነው?

«ሙፍሊስ» የሚለው ቃል «ፉሉስ» ከሚለው የመዳብ ሳንቲም ስም ጋር ይዛመዳል፤ ወርቁና ብሩ አልቆ ዝርዝር ሳንቲም ብቻ የቀረው ሰው ማለት ነው። በፉቀሃእ አነጋገር ግን ሙፍሊስ የሚባለው ምንም የሌለው ሰው ብቻ አይደለም። የደረሰ ዕዳው ካለው ንብረት የበለጠበት ሰው ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል።

የሕጉ መሠረት ሱረቱል በቀራ አንቀጽ 280 ነው። አንቀጹ ለተቸገረ ባለዕዳ እስኪያገኝ ድረስ ጊዜ እንዲሰጠው ያዝዛል፤ ዕዳውን መማር ደግሞ የበለጠ መልካም መሆኑን ያስታውቃል። ሙስሊም በዘገቡት የአቡ ሰዒድ አልኹድሪይ ሐዲስ እንደተላለፈው፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን አንድ ሰው የገዛው ፍሬ ተበላሽቶበት ዕዳ በረከተበት። ነቢዩም ሰዎች ሶደቃ እንዲሰጡት አዘዙ። የተሰበሰበው ዕዳውን ሳይሞላ በቀረ ጊዜ፣ አበዳሪዎቹ ያገኙትን እንዲወስዱና ከዚያ በላይ እንዳይጠይቁ ነገሯቸው። የዚያ ሰው ዕጣ ከጤፍ ነጋዴያችን ዕጣ እምብዛም አይርቅም።

ኢማም ማሊክ፣ ኢማም ሻፊዒይና ኢማም አሕመድ፣ አበዳሪዎች በጠየቁ ጊዜ ቃዲው በሙፍሊሱ ንብረት ላይ «ሐጅር» ማለትም እገዳ ያደርጋል፤ ንብረቱን ሸጦም ለአበዳሪዎች በየድርሻቸው ያካፍላል ብለዋል። ኢማም አቡ ሐኒፋ በአንጻሩ፣ አእምሮው የተሟላ ነፃ ሰው በዕዳ ምክንያት ሊታገድ አይገባውም አሉ፤ የእርሱን ሰብዓዊ ሥልጣን መንጠቅ ከገንዘብ ጉዳት የከፋ ነውና። ሁለቱ ደቀ መዛሙርታቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ግን እገዳውን ፈቅደዋል።

እገዳው የሚይዘውና የማይይዘው

በሀገራችን ደረሶች በየሐሪማው ከሚቀሯቸው ኪታቦች አንዱ በ676 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት የኢማም ነወዊይ «ሚንሃጁ ጧሊቢን» ነው። ኪታቡ ስለ ሙፍሊስ ከሚያስተምረው ውስጥ ለጥያቄያችን የሚጠቅሙት አራት ናቸው።

አንደኛ፣ የታገደው ሰው በእጁ ያለውን ንብረት ቢሸጥ ወይም ቢሰጥ አይጸናለትም፤ የአበዳሪዎች መብት ተያይዞበታልና። በ«ዚማው» ማለትም በራሱ ኃላፊነት በዱቤ ቢገዛ ግን በትክክለኛው አቋም ውሉ ይጸናል። ይህ ልዩነት የጉዳዩ ቁልፍ ነው። ንብረቱ ታሰረ፤ ዚማው ግን ሕያው ነው። ሒሳብ መክፈት ከባንክ ጋር ውል መግባት እንጂ ከአበዳሪዎች እጅ ንብረት ማውጣት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ንብረቱ ሲሸጥ ለእርሱ የሚገባው ልብስና የክፍፍሉ ዕለት ቀለብ፣ ለእርሱም ለሚያስተዳድራቸውም ይተውለታል። መኖሪያ ቤቱ ግን በሻፊዒዮች ዘንድ በጠነከረው አቋም ይሸጣል፤ ሐንበሊዮች ግን የሚያስፈልገውን መኖሪያ ይተዉለታል።

ሦስተኛ፣ ከእገዳው በኋላ የሚያገኘው አዲስ ገንዘብም በጠነከረው አቋም በእገዳው ሥር ይገባል። ከክፍፍሉ በኋላ ግን ለቀሪው ዕዳ ሲል እንዲሠራ አይገደድም። በዚህ ሐንበሊዮች ይለያሉ፤ ሙያ ያለው ሰው ሠርቶ እንዲከፍል ይገደዳል ይላሉ።

አራተኛ፣ እገዳው የሚጸናው በቃዲ ውሳኔ ነው፤ የሚነሳውም እንዲሁ። ቃዲ ያላገደው ባለዕዳ ስለዚህ በራሱ ገንዘብ የሚያደርገው ግብይት የጸና ነው። ማሊኪዮች ግን፣ ዕዳው ንብረቱን የዋጠ ሰው ገና ሳይታገድም እንኳ ገንዘቡን በስጦታ ማሳለፍ አይችልም ብለዋል።

ከቁራኛ እስከ አዋጅ

ለጎጃም ሙስሊም ነጋዴ ኪሳራ አዲስ ነገር አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በየጁቤ አጠገብ ይቆም በነበረው የባሶ ገበያ፣ ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅና ዝባድ በብዛት በሙስሊም ነጋዴዎች እጅ ወደ ሰሜን፣ እስከ ምጽዋ ድረስ ይጓዝ ነበር። መገበያያው አሞሌ ጨው በመሆኑ፣ የነጋዴው ሀብት በዝናብና በወንዝ ውኃ ሊሟሟ ይችል ነበር። መክፈል ያቃተውን ደግሞ ባህላዊው ሥርዓት በቁራኛ ከአበዳሪው ጋር ያቆራኘው ነበር፤ ሁለቱ በአንድ ሰንሰለት ታስረው ይውላሉ። «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» የሚለው አነጋገራችን የዚያ ትዝታ ነው። ሐነፊዮች «ሙላዘማ» ያሉት፣ አበዳሪው ባለዕዳውን ከሥር ከሥሩ እንዲከተል የሚፈቅደው ሕግ ለዚህ ይቀርባል። ሙላዘማ ግን ባለዕዳውን ከሥራው አያግደውም፤ አበዳሪው የሚጠብቀው ከቀለቡ የተረፈውን ነውና።

ዛሬ የኪሳራ ጉዳይ የሚዳኘው በመንግሥት ሕግ ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የኪሳራ ድንጋጌዎች በ2013 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243 ተተክተዋል፤ አዲሱ ሕግ ከመክሰር በፊት ዕዳን እንደገና ማደራጀት የሚቻልበትን መንገድም አካቷል። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለባለዕዳው አስፈላጊ የሆኑ ልብሶችን፣ የመኝታና የማብሰያ ዕቃዎችን እንዲሁም የሙያ መሣሪያዎችን ከመያዝ ነፃ ያደርጋል። ሚንሃጅ ለሙፍሊሱ ልብሱን ከተወለት ሐሳብ ጋር መንፈሱ አንድ ነው።

በተግባር ግን እንደ ጠያቂያችን ያለ ነጋዴ በፍርድ ቤት «ከስሯል» ተብሎ አይታወጅም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊሸጥ ይችላል፤ ቀሪው በሽምግልና ይያዛል። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም፣ በፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 188/1992 እንደሚታየው፣ ሥልጣናቸው በጋብቻ፣ በውርስ፣ በወቅፍና በመሳሰሉት የተወሰነ ነው። ስለዚህ በደብረ ማርቆስ ነጋዴው ላይ ሐጅር ያደረገ ቃዲ የለም፤ የሚያነሳለትም ቃዲ አይፈልግም። ውሉ ይጸናል፤ ዕዳውም በዚማው ላይ ይቆያል። በመደበኛ ፍርድ ቤት የታወጀበት ወይም ሒሳቡ የታገደበት ሰው ግን ያንን ውሳኔ ማክበር ግዴታው ነው። የአበዳሪዎችን መብት የመጠበቅ ተግባር በዚህ ዘመን በዚያ ፍርድ ቤት እጅ ነውና።

የትኛው ሒሳብ?

ብዙዎች ሒሳብ መክፈትንና ብድር ማግኘትን አንድ ያደርጓቸዋል። በብድር ባንኩ አበዳሪ ነው፤ ስለዚህ የደንበኛውን የብድር ታሪክ ይመረምራል፤ ዕዳ ያልከፈለውንም ሊከለክል ይችላል። በቁጠባ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ባለዕዳው ባንኩ ነው፤ አበዳሪው ያ የከሰረ ሰው ነው። ያለፈ ኪሳራው በዚህ ውል ባንኩን የሚጎዳበት መንገድ የለም።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከወለድ ነፃ አገልግሎት በር ተከፍቷል፤ በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክም ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ከሆኑት ባንኮች የመጀመሪያው ነው። ከሚቀርቡት ሒሳቦች መካከል ወዲዓና ቀርድ ገንዘቡ በተጠየቀ ጊዜ የሚመለስባቸው ናቸው። ለባለዕዳ የሚስማሙትም እነዚህ ናቸው፤ የአበዳሪዎች ድርሻ ሳይነካ ይቆያል። ሙዷረባ ግን ትርፍም ኪሳራም ያለበት በመሆኑ፣ ዕዳው የደረሰ ሰው ያለ አበዳሪዎቹ ስምምነት ባይገባበት ይሻላል። የቼክ ሒሳብም እስኪጠናከር ድረስ ቢቆየው መልካም ነው። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ሒሳቡ ቀሪ ዕዳ ባለበት ባንክ ከተከፈተ፣ ባንኩ በብድር ውሉ መሠረት ከተቀማጩ ሊቀንስ ይችላል። በፊቅህ «ሙቃሶ» ማለትም ማቻቻል የታወቀ ነው፤ ገበሬዎቹ ግን እኩል አበዳሪዎች ሆነው ሳለ ባንኩ ብቻ ሁሉን ቢወስድ የድርሻ እኩልነት ይፈርሳል። ስለዚህ ከመክፈቱ በፊት ውሉን ያንብብ፤ ወይም በሌላ ባንክ ይክፈት፤ መክፈቱንም ለሁሉም ያሳውቅ።

በወንድም ስም ማስቀመጥ

ጠያቂያችን በወንድሙ ስም ያስቀመጠው ኀፍረትን ሸሽቶ ነው። ጉዳቱ ግን ሦስት ነው። ወንድሙ ቢሞት ገንዘቡ እንደ ውርስ ለወራሾች ይቆጠራል፤ ያለ ጽሑፍና ያለ ምስክር ማስመለስ ከባድ ነው። ወንድሙ ራሱ ዕዳ ቢኖርበት ሒሳቡ ሊያዝ ይችላል። ከሁሉም የከፋው ግን፣ መክፈል የሚችል ሰው ማዘግየቱን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በደል ብለውታል፤ አለኝ ሳይል ከሸሸገ ደግሞ «የተቸገረ» የሚለው የቁርኣን ከለላ ይነሳበታል። ሚስት በሸሪዓ የራሷ ገንዘብ ባለቤት ናት፤ በባሏ ዕዳ አትጠየቅም። የእርሱን ገንዘብ በስሟ ማድረግ ግን ያው መሸሸግ ነው።

በራሱ ስም የተከፈተ ሒሳብ በአንጻሩ ምስክር ነው። ስንት እንደገባ፣ ስንት ለልጆች ቀለብ እንደወጣ፣ ስንት ለገበሬዎቹ እንደተከፈለ ያሳያል። «ደብቆ ከሰርሁ አለ» ለሚለው ሐሜት ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

ለጠያቂው የተሰጠው መልስ

እንዲህ አልሁት፦ የአበዳሪዎችህን ስምና የገንዘቡን መጠን፣ በቃል የተያዘውንም ጭምር፣ በሁለት ምስክሮች ፊት ጻፍ። በፋይዳ መታወቂያህ በራስህ ስም የወዲዓ ሒሳብ ክፈት፤ በወንድምህ ዘንድ ያለውንም ወደዚያ አዛውር። ከቤተሰብህ ቀለብ የተረፈውን ለሁሉም በየድርሻቸው በየወሩ ክፈል፤ ደረሰኙንም ያዝ።

ይህ ግን የእርሱ ድርሻ ብቻ ነው። አበዳሪዎች ባየ ቁጥር የሚጮሁበት ከሆነ ወደ መሸሸግ የሚገፉት እነርሱ ናቸው፤ ጊዜ መስጠት ችሮታ ሳይሆን በአንቀጹ የታዘዘ ነው። የከተማው ሙስሊሞችም በሱረቱ ተውባ አንቀጽ 60 ከተዘረዘሩት ስምንቱ የዘካ ባለመብቶች አንዱ «ጋሪሙን»፣ ማለትም ባለዕዳዎች፣ መሆናቸውን ያስታውሱ። ዘካችን በየዓመቱ ለድኾች ቀለብ ይውላል፤ በሐላል ንግድ ለከሰረው ሰው ግን እምብዛም አይታሰብም። የገበሬዎቹን ዕዳ ከዘካ መክፈል አንድን ነጋዴ ወደ ገበያ ይመልሳል፤ ገበሬውንም ከዘር እህል እጦት ያድናል።

ነጋዴው ካደመጠኝ በኋላ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ወረቀቱን ዛሬ ልጽፈው? እርስዎም ይመስክሩልኝ።» ሁለተኛ ምስክር ፈልገን በመስጊዱ በረንዳ ላይ ጻፍነው። ወላሁ አዕለም።