ያልተለመደ ሙቀትና የቲማቲም አበባ መርገፍ

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

አዲስ አበባ ፒያሳ የሚገኘው አትክልት ተራ ለብዙ ዓመታት የከተማው ዋና የአትክልት ጅምላ ገበያ ነበር። የጅምላ ንግዱ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛውሯል። ገበያው የትም ይሁን የት፣ ቲማቲም በጠፋ ቁጥር የሚወቀሰው ነጋዴው ወይም መጓጓዣው ነው። ይሁን እንጂ ጉድለቱ አንዳንድ ጊዜ የሚጀምረው ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር አስቀድሞ፣ በመቂና በባቱ ማሳዎች ላይ አበባ ሲረግፍ ነው። ከአበባ እስከ ብስል ፍሬ ያለው ጊዜ ይህን ያህል ነውና።

አበባው ለምን ይረግፋል?

ቲማቲም ሌሊቱ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ፍሬ በደንብ ይይዛል። የቀኑ ሙቀት ከ32 ዲግሪ፣ የሌሊቱ ከ21 ዲግሪ አልፎ ለቀናት ሲቆይ የአበባው ብናኝ ይመክናል። ያልተዳቀለው አበባ አገዳው ቢጫ ሆኖ ከመገጣጠሚያው ይወድቃል። ብናኙ ይበልጥ የሚጎዳው አበባው ከመፈንዳቱ ከ1 እስከ 2 ሳምንት በፊት ስለሆነ፣ ዛሬ የሚታየው መርገፍ ያለፈው ሙቀት ውጤት ሊሆን ይችላል።

እንደ ወረር ባሉ ቆላ ቦታዎች ችግሩ የታወቀ ነው። በመቂና በባቱ ግን ሌሊቱ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚቀዘቅዝ፣ ያልተለመደ ሙቀት ሲመጣ ገበሬው ሳይዘጋጅ ይደርስበታል። የብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ ኤጀንሲ በ1999 ዓ.ም. እንደገለጸው የአገሪቱ ዝቅተኛ የሙቀት መጠን ከ50 ዓመታት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ በየ10 ዓመቱ በ0.37 ዲግሪ ያህል ጨምሯል።

ምን ማድረግ ይገባል?

1. በ10 ተክሎች ላይ ያበቡ ዘለላዎችን በክር ምልክት አድርጎ አበባዎቹን መቁጠር፤ ከ10 ቀን በኋላ ስንቱ ፍሬ እንደያዘ ማየትና ከሙቀት መዝገብ ጋር ማነጻጸር።

2. የተባይ ወይም የበሽታ ምልክት ከሌለ መድኃኒት አለመርጨት። ዩሪያ መጨመርም ቅጠል ያበዛል እንጂ አበባ አያቆምም።

3. ውኃን ሳያቋርጡ በመጠኑ ማጠጣት፤ አፈሩን በገለባ መሸፈን።

4. የማኅበሩን ማሳ በሙሉ በአንድ ጊዜ አለመትከል፤ ተከላውን በ2 ወይም በ3 ሳምንት ልዩነት መከፋፈል።

5. ሙቀቱ ሲበርድ ጤናማ ተክል እንደገና ስለሚያብብ ቸኩሎ አለመንቀል።

ማሳሰቢያ

ማኅበራት ከነጋዴ ጋር የአቅርቦት ውል ከመዋዋላቸው በፊት በተራ ቁጥር 1 የተመለከተውን ቆጠራ እንዲያደርጉ አጥብቀን እናሳስባለን። ያልያዘ ፍሬ ተስፋ ተሰጥቶበት የማኅበሩ አባላት ለዕዳ እንዳይዳረጉ የሚጠብቃቸው ይኸው ቆጠራ ነው።