«ክኒኑን ትቶ የለ፤ ሲጋራው ምን ይለዋል?»

አንድ ቤተሰብ እናስብ። ልጃቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጀርባ ህመም የታዘዘለትን ትራማዶል ህመሙ ካለፈ በኋላም መተው አቅቶት፣ እያደርም ያለ ሐኪም ማዘዣ እየገዛ በቀን ብዙ ፍሬ ይውጥ ነበር። ከስንት ልመናና እንባ በኋላ ሕክምና ጀመረ። አሁን ሁለተኛ ወሩን ይዟል። ፊቱ ወዝ አውጥቷል፣ ምሳ ከቤተሰቡ ጋር ይበላል፣ ጠዋት ተነስቶ እናቱን «እንዴት አደርሽ» ይላል። እሁድ ከሰዓት አጎቱ ሊጠይቁት ይመጡና «እንኳን ለዚህ አበቃህ» ብለው ቢራ ያስመጣሉ። እናት ያመነታሉ። «ተይው እንጂ እህቴ፣ ዋናውን ጥሎ የለ? ከሰው ጋር መጫወት የለበትም?» ይላሉ አጎት። ልጁ ጠርሙሱን ይዞ ሲጋራውን ለመለኮስ ወደ በረንዳ ይወጣል። ሲጋራውንማ ማንም አይቆጥርበትም።

እርስዎ እዚያ ቤት ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር? ብዙዎቻችን እንደ አጎትየው ነው የምናስበው። ከከባዱ ሱስ የወጣን ሰው በትንሹ ነገር ማስጨነቅ ጭካኔ ይመስለናል። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም ቢራው በዚያው ሌሊት፣ ሲጋራው ደግሞ በዓመታት ውስጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

የምንነጋገረው ኦፒዮይድ ስለሚባሉት መድኃኒቶች ነው። ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ኮዴይን፣ ትራማዶል፣ በሕገወጥ መንገድ የሚሸጠው ሄሮይንም ከዚሁ ወገን ናቸው። ሐኪም ባዘዘው መጠንና ጊዜ ሲወሰዱ ከባድ ህመምን ያስታግሳሉ፤ ከዚያ ሲያልፍ ግን አንጎል ያለ እነርሱ መዋል ያቅተዋል። ለዚህ ሱስ ከሚሰጡት ሕክምናዎች በዓለም ላይ የታወቁት ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን ናቸው። ሜታዶንን ለዚህ አገልግሎት ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ በኒውዮርክ ይሠሩ የነበሩት ሐኪሞች ቪንሰንት ዶል እና ማሪ ኒስዋንደር ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም ሁለቱን መድኃኒቶች እ.ኤ.አ. በ2005 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አካቷቸዋል።

በአሜሪካ በሜታዶን ክሊኒኮች የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያገኙት አንድ ነገር አለ። ከታካሚዎቹ ከአሥሩ ስምንቱ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው ከመቶ አምስት ሰው ያህል መሆኑን ማሳየቱን ስናስታውስ የቁጥሩ ክብደት ይገባናል።

ምክንያቱ ምንድን ነው ቢሉ፣ ኒኮቲንም ኦፒዮይድም አንጎል ውስጥ የደስታ ስሜት የሚያልፍበትን አንዱን መንገድ ይነካሉ። አንዱ ሲጎድል ሌላው ክፍተቱን የሚሞላ ይመስላል። ታካሚው ሀራራው ሲነሳበት እጁ ወደ ሲጋራ ይሄዳል፤ ባጨሰ ቁጥር ደግሞ የድሮው ጓደኛ፣ የድሮው ሰፈር፣ የድሮው ክኒን ትዝ ይለዋል። በዚህ ላይ «አንድ ሱስ በአንድ ጊዜ» የሚለው የቆየ አመለካከት ሲጨመርበት፣ ሐኪሙም ቤተሰቡም ሲጋራውን እያዩ ዝም ይላሉ።

ይህ ዝምታ ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ የሚያሳይ አንድ ሰው ላንሳ። በብዙ አገሮች መጠጥ የተዉ ሰዎች የሚሰበሰቡበትን የ«አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1935 ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ቢል ዊልሰን ነበር። ራሱ ከመጠጥ ወጥቶ ለብዙዎች የመውጫ መንገድ ያሳየ ሰው ነው። በ1971 የሞተው ግን ሲጋራ ሳንባውን ጎድቶት፣ ኤምፊዚማ በሚባለው በሽታ ሲማቅቅ ቆይቶ ነው።

እርሱ ብቻውን አይደለም። በአሜሪካ ሚኒሶታ ለአልኮልና ለሌሎች ሱሶች ተኝተው የታከሙ 845 ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት፣ ከሞቱት መካከል ግማሽ ያህሉ የሞቱት ከትምባሆ ጋር በተያያዘ ምክንያት መሆኑን አሳይቷል። በአልኮል ምክንያት የሞቱት ሲሶ ያህል ነበሩ። ልብ ይበሉ፤ እነዚህ ሰዎች ሆስፒታል የገቡት ለሲጋራ አልነበረም። በእኛ አገር ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ገና ስላልጠፋ፣ ማጨስ በዚህ በሽታ የመያዝን ዕድል በእጥፍ ያህል ከፍ እንደሚያደርግ መዘንጋት የለብንም።

«ሲጋራውን ከነካንበት ተበሳጭቶ ወደ ክኒኑ ይመለሳል» የሚል ስጋት ከቤተሰብም ከባለሙያም ይሰማል። ስጋቱ የሚናቅ አይደለም። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2004 በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመሩ ተመራማሪዎች ተቃራኒውን ነው ያገኙት። በሱስ ሕክምና ላይ እያሉ ሲጋራ ለማቆም እገዛ የተደረገላቸው ሰዎች፣ ካልተደረገላቸው ይልቅ ከአልኮልና ከሌሎች አደንዛዥ ነገሮች ርቀው የመቆየት ዕድላቸው በ25 በመቶ ከፍ ያለ ነበር።

አሁን ወደ ቢራው እንመለስ፤ የበለጠ የሚያስቸኩለው እርሱ ነውና።

ኦፒዮይድ አንጎላችን ውስጥ ትንፋሽን የሚቆጣጠረውን ክፍል ያዳክማል። አልኮልም እንዲሁ። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያግዘዋል፤ ሰውየው ይተኛል፣ ትንፋሹ እየራቀ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ሳይነቃ ይቀራል። ሜታዶን በዚህ ረገድ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ህመም የማስታገስ ኃይሉ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ቢቀንስም መድኃኒቱ ራሱ ከአንድ ቀን በላይ ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ጠዋት የወሰደ ሰው ማታ ላይ «ለቆኛል» ብሎ ቢጠጣ፣ መድኃኒቱ አለቀቀውም። በተለይ ሕክምናው በተጀመረባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት አደጋው ከፍ ይላል።

ትራማዶል ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። ከመጠን ሲያልፍ ያንቀጠቅጣል፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥም ያመጣል፤ መጠጥ ሲታከልበት አደጋው ይብሳል። ጫት የሚቅሙ ወጣቶች ምርቃናቸውን ለመስበር «ጨብሲ» ብለው መጠጥ እንደሚጠጡ ይታወቃል። ጫቱ እያነቃቃ፣ ቢራውና ክኒኑ እያፈዘዙ፣ ሰውየው ምን ያህል እንደወሰደ ራሱም አያውቀውም።

ጉበትም አለ። በመርፌ ይወስዱ ከነበሩ ሰዎች ብዙዎቹ በሄፓታይተስ ሲ የተያዙ ናቸው። ቫይረሱ ላለበት ጉበት እያንዳንዱ ብርጭቆ የጠባሳውን ጉዞ ያፋጥነዋል። ጠላ ይሁን ጠጅ፣ አረቄ ይሁን ድራፍት፣ ለጉበት ያው አልኮል ነው። «የቤት ጠላ ምን ያደርጋል» የሚለው አባባል ምርመራ ክፍል ውስጥ አይሠራም።

እዚህ ላይ ግን ቆም ብለው ያንብቡ። ይህን ጽሑፍ አይቶ «ከነገ ጀምሮ በቃኝ» ማለት ለሁሉም ሰው አይመከርም። በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ቢያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊያልበው፣ የሌለ ነገር ሊታየው፣ ሊንፈራገጥም ይችላል፤ ይህ ሊገድል የሚችል ሁኔታ ነው። ጠዋት ሲነሱ እጅዎ ሳይጠጡ አልረጋ የሚል ከሆነ መጠጡን የሚያቆሙት በሐኪም እገዛ ይሁን። ናልትሬክሶን የሚባለው መድኃኒት ለአልኮልም ለኦፒዮይድ ሱስም ይሰጣል፤ ነገር ግን ኦፒዮይድ ገና ሰውነት ውስጥ እያለ ቢወሰድ ከባድ ሀራራ ስለሚቀሰቅስ፣ ከጎረቤት ተቀብለው የሚሞክሩት ነገር አይደለም።

ሲጋራን በተመለከተ ምርጫው ሰፋ ያለ ነው። በቆዳ ላይ የሚለጠፍና እንደ ማስቲካ የሚታኘክ ኒኮቲን አለ። ቫረኒክሊን እና ቡፕሮፒዮን የተባሉ መድኃኒቶችም አሉ። ሁሉም በየፋርማሲው አይገኙ ይሆናል፤ የትኛው እንደሚገኝና ለእርስዎ የትኛው እንደሚስማማ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ቡፕሮፒዮን ግን የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አይሰጥም፤ አልኮል በድንገት ላቆመ አይሆንም፣ ትራማዶል ለሚወስድም መንፈራገጥን ሊቀሰቅስ ስለሚችል አደገኛ ነው። ስለዚህ ለሐኪሙ የሚወስዱትን ሁሉ መንገር ግድ ነው።

ይህ መንገር ነው ብዙዎችን የሚያስቸግራቸው። «መጠጣቴን ካወቁ ከሕክምናው ያስወጡኛል» ብሎ የሚደብቅ ታካሚ ብዙ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ለሐኪሞች ባወጣው ምክር፣ ታካሚው ሌላ የሚያፈዝ ነገር ስለሚወስድ ብቻ ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን እንዳይከለከል አሳስቧል፤ ሕክምናውን ማጣት ከዚያ የባሰ ጉዳት ሊያመጣ ይችላልና። ሐኪሙ እውነቱን ካወቀ ክትትሉን ያጠብቃል፣ መጠኑን ያስተካክላል። የሚደበቀው ሐኪም ግን በጨለማ ነው የሚያዘው።

ቤተሰብ ደግሞ ሌላ ሥራ አለው። ታማሚው በተቀመጠበት ክፍል አያጭሱ፣ ሲጋራ እንዲገዛ አይላኩት። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ ሳሎንዎን የሚከለክሉት ግን እርስዎ ነዎት። የማጨስ ፍላጎት ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ያልፋል። በዚያች ሰዓት ቡና ማፍላት፣ ውኃ ማቅረብ፣ «ና እስቲ ወጣ ብለን እንምጣ» ማለት ይጠቅማል። ያገረሸበት እንደሆነም አይጩኹበት። አቁሞ የቆየ ሰው ሰውነቱ የድሮውን መጠን መቋቋም ስለማይችል፣ ተደብቆ የቀድሞውን ያህል ቢወስድ ሊሞት ይችላል። ከመደበቅ ይልቅ ለእርስዎ እንዲነግርዎ በሩን ክፍት ያድርጉለት።

ከጠጣ በኋላ የተኛ ታካሚ እንግዳ በሆነ ድምፅ የሚያንኮራፋ ወይም የሚያጓራ ከሆነ፣ ትንፋሹ ከራቀ፣ ከንፈሩና ጥፍሩ ከጠቆሩ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ካነሰ፣ «ይተኛ፣ ይለቀዋል» አይበሉ። ጠርተውና ነቅንቀው ካልነቃ በጎኑ ያስተኙት፣ አፉ ውስጥ ያለውን ያስወጡ፣ ቡናም ሎሚም አይጋቱት፣ ብቻውንም አይተዉት። ወዲያውኑ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይደውሉ፤ ምን እንደወሰደና ምን እንደጠጣም ሳይደብቁ ይናገሩ። ናሎክሶን የተባለው መድኃኒት የኦፒዮይዱን ጉዳት ይመልሳል፣ የአልኮሉን ግን አይመልስም፤ ባለሙያው ሁለቱንም ማወቅ ያለበት ለዚህ ነው።

እሁድ የሚመጡትን አጎት ደግሞ ከመምጣታቸው በፊት ደውለው ያነጋግሯቸው። «ጋሼ፣ ቢራውን ይተዉትና ብርቱካን ይዘውለት ይምጡ» ቢሏቸው ቅር አይላቸውም። ልጁ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ሲሄድም በቀን ስንት ሲጋራ እንደሚያጨስ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚጠጣ በወረቀት ጽፎ ይያዝ።