ሽቦው ሳይበጠስ

ዛሬ የምናነሳው ሐኪሞች በምህጻረ ቃል ሲ.አይ.ዲ.ፒ. የሚሉትን የነርቭ በሽታ ነው። ሰውነትን ከተሕዋስያን የሚከላከለው ኃይል ወደ ገዛ አካሉ ዞሮ ነርቮቹን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ብዙ ሰው የማይዘው በሽታ ቢሆንም የያዘውን ቤት ክፉኛ ይፈትናል።

ሰውየው ከሱጁድ ለመነሳት እጁን መደገፍ፣ ደረጃ ለመውጣት ግድግዳ መያዝ ይጀምራል። እግሩ የውዱእ ውሃ ይሙቅ ይቀዝቅዝ አይለይም። ድካሙ በአብዛኛው በሁለቱም ጎን ነው፤ ከ8 ሳምንት በላይም እየጸና ይሄዳል።

ነርቭን በኤሌክትሪክ ሽቦ መስሉት። መሐሉ መልእክት የሚያስተላልፍ ክር ነው፤ ላዩ ማየሊን የሚባል ሽፋን አለው። በሽታው በአብዛኛው የሚልጠው ሽፋኑን ነው፤ ሽፋን ደግሞ ሊጠገን ይችላል። መከራው ክሩ ራሱ ሲበጠስ ነው። የተበጠሰ ክር መልሶ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነውና ከወገብ እስከ እግር ጣት ያለውን መንገድ አስቡት! ብዙውም እንደተበጠሰ ይቀራል።

ታዲያ ሐኪሙ የትኛው እንደተጎዳ በምን ያውቃል? ነርቩን ከቆዳ ላይ በመጠነኛ ኤሌክትሪክ እየነዘረ የመልእክቱን ፍጥነትና ጉልበት ይለካል። በጤነኛ አዋቂ ክንድ ፍጥነቱ በሰከንድ 50 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ይህ በጣም ከወረደ የተላጠው ሽፋኑ ነው። ጉልበቱ ሲያንስ ክሮች መጉደላቸው ይጠረጠራል። ነገር ግን መልእክቱ በተላጠው ቦታ ታግዶም ጉልበት ሊያንስ ስለሚችል፣ ሐኪሙ ያንኑ ነርቭ ከተለያየ ቦታ እየነዘረ ያወዳድራል። ቀጭን መርፌም ጡንቻ ውስጥ ያስገባል፤ ክሩ የተለየው ጡንቻ አርፎ ሳለ እንኳ በመሣሪያው ላይ ይንጫጫል። ዛሬ ክር ሲጎዳ የሚወጣውን ኒውሮፊላመንት የተባለ ፕሮቲን በደም መለካትም ተችሏል፤ ይህ ግን በእድሜና በሌላ የነርቭ ሕመምም ስለሚጨምር ብቻውን ፍርድ አይሰጥም።

እኛ ዘንድ ወራቱ የሚያልቀው «ዓይን ነው»፣ «ሲሕር ነው» ሲባል ነው። ሩቅያ ማድረግ ሐኪም ዘንድ ከመሄድ አያግድም። የስኳር ታማሚ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ነገር በስኳሩ ይላከካል። የስኳር ነርቭ ሕመም ግን በተለምዶ ከእግር ጣት በመደንዘዝና በማቃጠል ይጀምራል፤ ጭንና ትከሻ በጥቂት ወራት ከደከሙ ሌላ ነገር ይፈለግ።

ሕክምናው ስቴሮይድ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ኢሚውኖግሎቡሊን ወይም የደም ፕላዝማ ማጣራት ነው። ስቴሮይድ ስኳርን ከፍ ያደርጋልና ስኳር ያለበት ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር፤ ኪኒኑንም ሻል ሲለው በራሱ ፈቃድ ድንገት አያቋርጥ።